“መድኃኒቱን ሰጧት?” – እናቴን ሳስታምም ከአጫጭር ድራማዎች የተማርኩት

እናቴን ቤት ውስጥ ያስታመምኳት 11 ሳምንት ነው። የቆሽት ካንሰር ነበረባት። ሐኪሞቹ “ከዚህ በኋላ በሽታውን ለማጥፋት የሚሰጠው ሕክምና ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል” ሲሉን የሆስፒስ ቡድን ቤታችን መመላለስ ጀመረ። የሆስፒስ ሰዎች በሽታውን አያሳድዱም። የእነሱ ሥራ ታማሚው የቀረውን ጊዜ ሥቃዩ ቀሎለት፣ ከሚወዳቸው ሰዎች ጋር እንዲያሳልፍ ማገዝ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያልገባኝ ነገር ነበር። ነርሷ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትመጣለች፤ አንድ አንድ ሰዓት ትቆያለች። ሳምንት ደግሞ 168 ሰዓት አለው። የቀረው 166 ሰዓት የእኔ ነበር። መድኃኒት የምሰጠው እኔ ነኝ። የማገላብጣት እኔ ነኝ። ሌሊት ስታቃስት ምን ይደረግ ብዬ የምወስነውም እኔው ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ሰው አስታምሜ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ዛሬ ያኔ እኔ በነበርኩበት ቦታ ላላችሁ ነው። ቤተሰብን የማስተማር ሥራ ላይ ያላችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል። ያኔ ከነበረብኝ ፍርሃት ያወጣኝ በስልክ የተላከልኝ የሰባት ደቂቃ ድራማ ነውና።

በመጀመሪያው ቀን ነርሷ ስለ መድኃኒቶቹ ወደ 40 ደቂቃ ያህል አስረዳችኝ። ጎበዝ ሴት ናት። ቀስ ብላ ነው የምታወራው። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ “እሺ ሲስተር፣ ገባኝ” እላለሁ። ስትወጣ ግን በጭንቅላቴ የቀረው ነገር የጠርሙሱ ክዳን ተጭኖ እንደሚከፈት ብቻ ነበር። ወፍራም የመመሪያ ጽሑፍም ትታልኝ ነበር። ማታ ከፈትኩት። የመጀመሪያውን ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ ፊደሉን ያያል፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ግን የለም። እንቅልፍ ካጣ ሦስተኛ ሳምንቱ የሆነ ሰው፣ እናቱን ሊያጣ እንደሆነ የተነገረው ሰው፣ እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ ማጥናት አይችልም። ይህን ስንፍና አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ለብዙ ቀን ራሴን የወቀስኩት በከንቱ ነው።

ዋናው ችግር ግን አለማንበቤ አልነበረም። የፈሳሽ ሞርፊኑ ጠርሙስ ነበር።

ሞርፊን የሚለው ስም ራሱ ያስፈራኝ ነበር። “ሞርፊን ከጀመሩላት ነገር አበቃ” የሚል ወሬ ከየት እንደሰማሁት ባላውቅም ውስጤ ተቀምጧል። ስለዚህ ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ከፎጣዎች ጀርባ አስቀመጥኩት። ለእናቴ ቀለል ያለውን ክኒን ብቻ እሰጣታለሁ። ታላቅ እህቴ በየሁለት ቀኑ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን እናታችን ጥርሷን ነክሳ ስትገላበጥ አየች። “መድኃኒቱ የት አለ?” ብላ ጠየቀችኝ። “ገና ነው፤ ሲብስባት ነው” አልኳት። “ከዚህ በላይ ምን ይባስ?” አለች። ተጣላን። በታማሚ በር ላይ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የተጣላነው። እንዲህ ያለው ጠብ ከጩኸቱ ይብሳል። ሁለት ቀን ሳንነጋገር ቆየን።

ነርሷ ስትመጣ የጠርሙሱን ልክ አየች። ምንም አልጎደለም። አልተቆጣችኝም። እንደገና ላስረዳህም አላለችም። “አንድ ነገር ልላክልህ” አለች። “አጭር ድራማ ነው። ብቻህን እንዳታየው። እህትህ ስትመጣ አብራችሁ እዩት፤ ከዚያ ደውሉልኝ።”

ደስ አላለኝም። በዚያ ሰዓት ድራማ? ግን ቃል ገባሁላት።

ማታ እህቴ መጣች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ አስደግፈን ከፈትነው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ልጅ እናቱን ያስታምማል። ማዕድ ቤት ገብቶ የመድኃኒት ጠርሙስ ከሲኒዎች ጀርባ ይደብቃል። ከወዲያኛው ክፍል እናቱ ስታቃስት ይሰማል። ልጁ ቧንቧውን ይከፍትና ውሃው እንዲወርድ ይተወዋል፤ ድምፁን ላለመስማት ነው። እኔ በዚያ ቦታ ሬዲዮ ነበር የምከፍተው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እህቴ አላየችኝም፤ እኔም ወደ እሷ አልዞርኩም። ግን ጆሮዬ ጋለ።

ከዚያ በድራማው ውስጥ ያለችው ነርስ ትመጣለች። ጠርሙሱን ታገኘዋለች። እዚህ ላይ ስብከት ይጀምራል ብዬ ነበር። አልጀመረም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና “ምን እንዳይሆን ነው የፈራኸው?” አለችው። ልጁ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ “ማታ ሰጥቻት ጠዋት ባትነሳስ?” አለ።

በቃ፣ ይህ የእኔ ነበር። ቃል በቃል። ሱስ ይሆንባታል፣ ገና ነው፣ ሲብስባት ነው የምለው ሁሉ መሸፈኛ ነበር። በእጄ ትሞትብኛለች ብዬ ነበር የፈራሁት። ማንም ስላልጠየቀኝ ብቻ ሳይሆን እኔም ለራሴ ስላላልኩት ነው ያልተነገረው። እህቴ ቪዲዮውን አስቆመችው። “አንተም እንደዚህ ነው የምታስበው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። እሷም ሌላ ነገር ነገረችኝ። በየሁለት ቀኑ የምትመጣው ሥራ ስለሚበዛባት ብቻ አልነበረም። የእናታችንን ማቃሰት በየቀኑ መስማት ስላልቻለች ነው። ሁለታችንም ከአንድ ድምፅ ስንሸሽ ነበር።

በዚህ መሃል ከክፍሉ የእናቴ ድምፅ ተሰማ። የተኛች መስሎን ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የተዋናይቷን ማቃሰት ሰምታለች። “ያቺን ሴትዮ፣ መድኃኒቱን ሰጧት?” አለች።

እህቴ ተነስታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። የት እንዳስቀመጥኩት አልጠየቀችኝም። ወደ ነርሷ ደወልን። በስልክ መስመር በመስመር አስረዳችን። በትንሿ የአፍ ሲሪንጅ ልኩን ቀዳሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እህቴ ክርኔን ያዘችልኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የእናቴ ግንባር ፈታ አለ። በዚያች ሌሊት ለአምስት ሰዓት ያህል ተኛች። ጠዋት ተነሳች። ፀጉሬን አበጥሩልኝ አለች።

ስለ ሞርፊን በኋላ ያወቅኩትን እዚሁ ልንገራችሁ፤ ስለሚጠቅም ነው። የሚዋጠው ፈሳሽ ሞርፊን ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ገደማ መሥራት ይጀምራል፤ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል። ሐኪሙ ከትንሽ መጠን ጀምሮ እንደ ሕመሙ ቀስ እያለ ያስተካክለዋል። በሐኪም ልክ ለሕመም ሲሰጥ ሞትን አያፋጥንም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት እንቅልፍ ሊያበዛ ወይም ሊያቅለሸልሽ ይችላል፤ ይኸኛው በአብዛኛው ያልፋል። የማያልፈው የሆድ ድርቀት ነው። ስለዚህ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መሰጠት አለበት። እኔ ማለስለሻውን ንቄ ትቼው እናቴ አራት ቀን ተሠቃይታለች። ቀስ ብሎ እንዲሠራ የተዘጋጀ ክኒን ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አትፍጩት፤ ለብዙ ሰዓት የታሰበው መጠን በአንዴ ይለቀቃል። የሰጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ሌሊት የማስታወስ ችሎታችሁን አትመኑት።

ሕመም እስኪብስ መጠበቅ ስህተት መሆኑም አዲስ ሐሳብ አይደለም። የዘመናዊው ሆስፒስ መሥራች የሚባሉት ሲሲሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ሲከፍቱ የታገሉለት ነገር ይህ ነበር። መድኃኒቱ በሰዓቱ ይሰጥ፤ ሕመሙ ተመልሶ መጥቶ ታማሚው እስኪለምን አይጠበቅ። ሳንደርስ መጀመሪያ ነርስ ነበሩ፤ ቀጥሎ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፤ በመጨረሻ ሐኪም ሆኑ። ሥቃይ የሥጋ ብቻ እንዳልሆነ፣ የስሜትም የቤተሰብም የመንፈስም እንደሆነ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ የመመሪያው ጽሑፍ ላይ አግኝቼዋለሁ። አዎ፣ በኋላ አነበብኩት። ድራማው ፍርሃቴን ከፍቶልኝ ስለነበር ያኔ ፊደሉ መግባት ጀመረ። ድራማ የጽሑፍን ቦታ ይወስዳል እያልኩ አይደለም። ለእኔ በሩን ነው የከፈተልኝ።

ነርሷ ከዚያ በኋላ ሌሎች ክፍሎችም ላከችልን። ሁሉም ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ናቸው። አንዱ ስለ ምግብ ነበር። እሱን ያሳየነው ለአክስቴ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናቸው። ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። እናቴ መብላት ስታቆም በጣም ተጨነቁ። ማንኪያ ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። “አንዲት ጉርሻ፣ ለእኔ ስትይ” ይላሉ። እናቴ እሳቸውን ላለማስቀየም ትጎርሳለች፤ ከዚያ ትታነቃለች። “ቢያንስ ግሉኮስ ለምን አይሰቀልላትም? በረሃብ ልትገድሏት ነው?” ብለው ነርሷን ጠየቁ። ነርሷ አስረዳቻቸው። ሰውነት መዝጋት ሲጀምር ምግብ መፈለጉን ያቆማል። አለመብላቷ ከበሽታው የመጣ ነው፤ እየሞተች ያለችው ባለመብላቷ አይደለም። በዚህ ደረጃ ላይ የሚገባ ፈሳሽም ሳንባና እግር ላይ ተጠራቅሞ ሊያስቸግር ይችላል። አክስቴ በአክብሮት ሰሙ። ነርሷ ስትወጣ ማንኪያውን አነሱ።

ድራማውን ሲያዩ ግን ሌላ ነገር ሆነ። እዚያ ያለችው አሮጊት ልጇን ልታበላ ስትሞክር ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አሮጊቷ ማንኪያውን ይዛ ትቀራለች። ካሜራው እጇ ላይ ይቆያል። ከዚያ ነርሷ መጥታ ማንኪያውን አትቀማትም። በምትኩ እርጥብ ስፖንጅ ትሰጣታለች። “ከንፈሯ ደርቋል፤ አፏን ታርሺላታለሽ?” ትላታለች። አሮጊቷ የልጇን ከንፈር ታርሳለች፤ ቅባት ትቀባታለች። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ታያታለች።

አክስቴ ምንም አላሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። በማግስቱ ጠዋት “ያ ስፖንጅ ከየት ነው የሚገኘው?” አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴ አፍ የእሳቸው ሥራ ሆነ። በየሰዓቱ። አንድም ቀን ከንፈሯ ተሰንጥቆ አላየሁም። ነገሩን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ማብራሪያው “አታብሏት” አላቸው። ድራማው ደግሞ ለእጃቸው ሥራ ሰጣቸው። ለምትወዱት ሰው ምንም ሳታደርጉ መቀመጥ አይቻልም። ማንኪያውን ያስቀመጠ ሰው በምትኩ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል።

በአልጋ ላይ ስለማገላበጥ፣ አንሶላ ከሥሯ ስለመቀየር፣ ሰውነት ስለማጠብ የሚያሳዩት ክፍሎችም ረድተውኛል። እነዚህ ድራማ ባይሆኑም ይሠሩ ነበር፤ የእጅ ሥራ በማየት ይለመዳል። ትንፋሽ ሲያጥራት ትንሽ ማራገቢያ ወደ ፊቷ ማድረግ እንደሚያቀልላት ያየሁት ከአንዱ ክፍል ነው።

አሁን ስለጎዳኝ ድራማ ልንገራችሁ። በዚህ ላይ ዝም ማለት አልፈልግም።

ከነርሷ ያልመጣ ነበር፤ እኔው ሌሊት ስፈልግ ያገኘሁት። በደንብ የተሠራ ነው። ሙዚቃው ልብ ይበላል። አንድ አባት ሊሞት ነው። ልጆቹ ይከቡታል። ዓይኑን ይገልጥና ለእያንዳንዳቸው በስማቸው የመጨረሻ ቃል ይሰጣል። የተጣሉት ይታረቃሉ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ዓይኑን ይከድናል። አለቀስኩ። በልቤም ያዝኩት። የእኛም እንዲህ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ።

እናቴ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት አልነቃችም። አጠገቧ ተቀምጬ ያን ቃል እጠብቃለሁ። ስሜን እንድትጠራኝ። በረንዳ ላይ እንኳ ለአፍታ መውጣት ፈራሁ፤ ያን ጊዜ ብትነቃስ? አልነቃችም። ካረፈች በኋላ ለወራት የከበደኝ ከሞቷ ይልቅ ይህ ነበር። ለእኔ ምንም ያላለችኝ ስለተቀየመችኝ ይሆን? ያን ጠርሙስ ስለደበቅኩ? በኋላ ነርሷ በሐዘን ጉብኝት ስትመጣ ነገርኳት። “አብዛኞቹ ሰዎች እንደ እናትህ ተኝተው ነው የሚሄዱት” አለችኝ። “ሊያወሩ ስላልፈለጉ አይደለም።” ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የምለውን ሁሉ ገና ስትነቃ ሳለች እላት ነበር። እናንተ አትጠብቁ። ሰውየው ነቅቶ ሳለ፣ በተራ ቀን፣ ፀጉሩን እያበጠራችሁ ንገሩት።

በዚያች መጨረሻ ሌሊት ግን ከነርሷ የመጣው ክፍል አድኖኛል። የመጨረሻዎቹን ሰዓታት ምልክቶች የሚያሳይ ነበር። እጅና እግር ይቀዘቅዛል፤ ቆዳው ላይ የተዝጎረጎረ ወይን ጠጅ መልክ ይታያል። ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ከዚያ ይቆማል። ትቆጥራላችሁ፤ አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ጉሮሮ ውስጥ የሚንኮሮኮር ድምፅ ይሰማል። ድምፁ የሚያስጨንቀው አጠገብ ያለውን ሰው ነው፤ ታማሚው በአብዛኛው አይሰማውም። መዋጥ ስለማይችል ምራቁ ጉሮሮው ላይ ስለቀረ ነው። በጎኗ አዞርናት፤ ራሷን ከፍ አደረግን፤ ድምፁ ቀነሰ። አምቡላንስ አልጠራንም። በድራማው ውስጥ እህትየው አምቡላንስ ልትጠራ ስልክ አንስታ ወንድሟ “የተሰጠን ቁጥር የቱ ነበር?” ሲላት አይተናል። ቁጥሩን ያኔውኑ በሩ ላይ ለጥፈነው ነበር። ደወልን፤ ነርስ አብራን በስልክ ቆየች።

እህቴ እጇን ይዛ እያወራቻት ነበር። መስማት መጨረሻ ላይ የሚሄድ ነው ይባላል። ካናዳ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት የሆስፒስ ታማሚዎችን የአንጎል ሞገድ ለክቶ ነበር። ምላሽ መስጠት ካቆሙት መካከል የአንዳንዶቹ አንጎል ለድምፅ መልስ ሲሰጥ አይተዋል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። እህቴ ማውራቷን ባለማቆሟ ግን ዛሬም ደስ ይለኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሆስፒሱ ቡድን አዳዲስ ክፍሎች ሊያዘጋጅ ሲነሳ፣ ያስታመሙ ቤተሰቦች ጽሑፉን እንዲያነቡለት ጠየቀ። እኔም ገባሁ። እዚያ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤ በተለይ በስልክ ካሜራም ቢሆን ለመሥራት ላሰባችሁ።

ታሪክ በመንገር ማስተማር የቆየ ነገር ነው። ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለዚህ የሚሆን ዘዴ ቀይሶ ነበር። አንዱ ተከታታይ ድራማው አዋቂዎች ማንበብና መጻፍ እንዲማሩ የሚያነሳሳ ነበር። የሳቢዶ ዘዴ ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያት አሉት። አንዱ ጥሩውን ያደርጋል፤ አንዱ ክፉውን። ሦስተኛው መሃል ላይ ይወላውላል፤ ይሳሳታል፤ ቀስ ብሎ ይለወጣል። ተመልካቹ የሚከተለው ይህን ሦስተኛውን ነው። ሳቢዶ የተነሳው ከሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ ሥራ ነው። ባንዱራ ሰው የሚማረው በራሱ ላይ ደርሶ ብቻ ሳይሆን የሌላውን አይቶም እንደሆነ አሳይተዋል። በአሜሪካም ተመራማሪዎች ስፓኒሽ ተናጋሪ ለሆኑ የሆስፒስ ቤተሰቦች በቴሌኖቬላ መልክ የተሠሩ ቪዲዮዎችን ሞክረዋል።

ይህን ስሰማ የእኔ ጠርሙስ ደባቂ ትዝ አለኝ። እሱ ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ “እኔ እንደሱ አይደለሁም” ብዬ እዘጋው ነበር። ግን እናቱን ይወዳል። ትራሷን ሲያስተካክል አይቻለሁ። የሚሳሳተው ስለሚወዳት ነው። ስለዚህ በምንጽፈው ጽሑፍ ላይ አጥብቄ የያዝኩት ይህን ነው፦ የሚሳሳተው ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ፍቅሩ ይታይ።

ለአንድ ክፍል አንድ ፍርሃት ይበቃል። የመጀመሪያው ረቂቃችን ሞርፊንን፣ ምግብን፣ የወንድማማቾችን ጠብና የአልጋ ቁስልን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊጨርስ ይሞክር ነበር። ስናየው ምንም አልቀረብንም። ነርሷ ረዘም ላለ ጊዜ ስትናገር ተመልካቹ ስልኩን ያስቀምጣል። እንድትጠይቅ አድርጓት። የሕክምናው ዝርዝር ደግሞ በነርስና በሐኪም መስመር በመስመር ይታይ። በአንድ ትዕይንት ላይ ተዋናዩ ክኒን ፈጭቶ በውሃ ሲሰጥ ቀርጸን ነበር። የፋርማሲ ባለሙያው ባያየው ኖሮ እንዲህ አድርጉ ብለን ማስተማራችን ነበር።

አስታማሚ ቪዲዮ የሚያየው ሌሊት ነው። አጠገቡ ሰው ተኝቷል። ስለዚህ ንግግሩ በጽሑፍም ከሥር ይውጣ፤ ድምፅ ሳይከፍትም ይረዳው። ሙዚቃውን ቀንሱት። ሞትን ስታሳዩ አታሳምሩት፤ አስፈሪም አታድርጉት። የእናቴን ሁለት ቀን ነገርኳቸውና አንድ ክፍል እንዲህ ተጻፈ፦ ልጅቱ የመጨረሻ ቃል ትጠብቃለች፤ ቃሉ አይመጣም፤ እናቷ ተኝታ ታርፋለች። አንዳንዱ “ተመልካቹን ያሳዝናል” ብሎ ተከራከረ። አልተውኩም። ገባ።

ያስታመመው ሰው ብቻውን ሆኖ ከሆነስ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 56.8 ሚሊዮን ሰዎች የሥቃይ ማስታገሻ እንክብካቤ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት ግን 14 በመቶ ያህሉ ናቸው። ነርስ ለማይደርስበት ቤት ቪዲዮ ይደርሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቪዲዮ ጥያቄ አይመልስም። ካያችሁ በኋላ የምትደውሉለት አንድ የሕክምና ሰው ፈልጉ። አብሯችሁ የሚያይም ሰው ፈልጉ። በጣም የጠቀመን ክፍሉ ሳይሆን እህቴ ያስቆመችበት ቦታ ነው። ስታዩ በመሃል አስቁሙት። “አንተስ?” ተባባሉ። የተቆጣ ዘመድ ካለ ፊት ለፊት ከመከራከር ይልቅ አብራችሁ እዩ፤ ዓይናችሁ አንድ ቦታ ሲያይ ነገር መናገር ይቀላል። ታማሚው ማየት ከፈለገም አትከልክሉት። ጠይቁት።

አዲሶቹን ክፍሎች ከመልቀቃችን በፊት በዚያው ሰሞን ቤታቸው ታማሚ ላላቸው ጥቂት ሰዎች አሳየን። ትንሽ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው። የጠርሙሱን ታሪክ እንደገና ሠርተነው ነበር፤ ቧንቧው እንዳለ ነው፤ ሬዲዮውንም እኔ ጨምሬበታለሁ። ልጁ “ማታ ሰጥቻት ጠዋት ባትነሳስ?” ሲል ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት “እባካችሁ አቁሙት” አለች። አስቆምነው። ያመማት መስሎን ውሃ ልንሰጣት ተነሳን። እሷ ግን ቦርሳዋን ትታ ስልኳን ብቻ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በሩ ስላልተዘጋ ይሰማናል። ለወንድሟ ነበር የደወለችው።

እስክትመለስ ቁጭ ብለን ጠበቅናት።